«ራጁ ምንም የለውም» ብዬ የሸኘሁት እጅ፦ የአንድ ባጃጅ ሹፌር የአንጓ ስብራት

## ለምን ጻፍኩት

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራለሁ። ብዙ የተሰበረ እጅ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ይሄኛው ነው። መጀመሪያ የመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ስብራቱ ያመለጠውም እኔን ነው።

ልጻፈው ወይ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። «ጻፈው አቦ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ» አለኝ። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የታከመባቸውን ተቋማት ስም አልጠቅስም። የቀረውን ሁሉ እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

## ልጁና አወዳደቁ

የ24 ዓመት ወጣት ነው። ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። አንድ ቀን ከቆመ ገቢው ከኪሱ ይወጣል። ከእናቱና ከሁለት ታናናሽ እህቶቹ ጋር ይኖራል። እናቱ ሳምቡሳ ጠብሰው ይሸጣሉ።

የሚጽፈውም የሚበላውም በቀኝ እጁ ነው። የተጎዳው ግራው ነው። ብዙ ሰው «እንኳን ግራው ሆነ» ይላል። ለባጃጅ ሹፌር ግን ግራ እጅ ፍሪሲዮንም ማርሽም ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጦ፣ እጀታውን እየጠመዘዘ ነው ማርሽ የሚቀይረው። ከከዚራ መጋላ ደርሶ እስኪመለስ አንጓው ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስቡት።

ጊዜው ጥር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። እሱ በረኛ ነው። ኳስ ሊያድን ተወርውሮ ሲወድቅ ግራ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ተመረኮዘ። የሰውነቱ ክብደት ወደ ኋላ በታጠፈው አንጓ ላይ አረፈ። ያም ሆኖ ጨዋታውን አላቋረጠም። ማታ ትንሽ አበጠ። እሁድ ሠራ። ሰኞ ፍሪሲዮን መጨበጥ ሲያቅተው ወደ እኔ መጣ።

## የመጀመሪያው ቀን

ወረፋው እስከ በር ነበር። እጁን አየሁት። እብጠቱ ትንሽ ነው። ቅርጹ አልተበላሸም። ጣቶቹን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። አንጓውን ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጌ «ያምሃል?» አልኩት። «ትንሽ» አለኝ። ራጅ አዘዝኩ፤ ከፊትና ከጎን፣ ሁለት ፎቶ። ፎቶዎቹን አየኋቸው፤ የተሰበረ ነገር አልታየኝም። «ራጁ ምንም የለውም፣ ወለምታ ነው» አልኩት። ላስቲክ ፋሻ ጠመጠምኩለት፤ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጻፍኩለት። «ካልተሻለህ ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት።

ያቺን አጭር ቆይታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መላልሼ አስቤያታለሁ። ሦስት ነገር አጥፍቻለሁ።

የመጀመሪያው በጣቴ ያጠፋሁት ነው። የእጅ አንጓ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ከእነሱ መካከል በብዛት የሚሰበረው ስካፎይድ የሚባለው ነው። በአውራ ጣት በኩል ይገኛል፤ መጠኑ ከቴምር ያነሰ ነው። አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትዘረጉ፣ ከሥሩ በእጅ ጀርባ በኩል በሁለት ጅማቶች መሀል ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትታያለች። ስካፎይድ ያለው ከእሷ ሥር ነው። መዳፉን ዘርግቶ የወደቀ ወጣት ሲመጣ መጫን ያለባት እሷ ናት። ቀጥሎ በመዳፍ በኩል፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የአጥንት ጉብታ ይጫናል። ከዚያ አውራ ጣቱ ተይዞ ወደ አንጓው ይገፋል። ሦስቱም ተደምረው አንድ ደቂቃ አይፈጁም። በሦስቱም ላይ ካመመው ጥርጣሬው ይጠነክራል። እኔ ዙሪያውን ነካካሁ፤ ጎድጓዳዋን ለይቼ አልተጫንኩም።

ሁለተኛው ራጁ ላይ ነው። ስካፎይድ ጋደል ብሎ የተቀመጠ አጥንት ስለሆነ በተለመደው አነሳስ አጥሮ ይታያል፤ ከጎረቤቶቹም ጋር ይደራረባል። ተዘርግቶ የሚታየው እጁ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዘንበል ተደርጎ ሲነሳ ነው። ለዚህ ሲባል ስካፎይድ የተጠረጠረበት ሰው ተጨማሪ ፎቶ ይታዘዝለታል። እኔ አላዘዝኩም። ባዝም እንኳ ዋስትና አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ራጅ ከስካፎይድ ስብራቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ሊስት ይችላል። አጥንቱ ተሰንጥቆ ካልተለያየ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ሲሞላ ሰውነት የስብራቱን ጠርዝ መምጠጥ ይጀምራል። መስመሩ ይሰፋል፤ ያኔ ራጅ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጎድጓዳዋ ካመመች፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እጁ ይታሰርና በሁለት ሳምንት ራጅ ይደገማል። ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ይለየዋል። እኛ ጋ ግን ለእያንዳንዱ ያበጠ አንጓ ኤምአርአይ ማዘዝ አይቻልም። ጀሶና ቀጠሮ ግን አለን።

ሦስተኛው በአፌ ያጠፋሁት ነው። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው። «ካልተሻለህ ተመለስ» ማለት ምን ማለት ነው? በስንት ቀን? ምን ያህል ሲያመው? ዲክሎፌናኩን ሲውጥ ተሻለው። ስለተሻለው አልተመለሰም። ልጁ ያልኩትን በትክክል ነው የፈጸመው።

## ወጌሻው ጋ ለምን ሄዱ

መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እናቱ ወጌሻ ጋ ወሰዱት። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ ንዴቴ ጠፋ።

እናቱ ከስድስት ዓመት በፊት እርጥብ ግቢ ውስጥ አንሸራቷቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ከአንጓው ከፍ ብሎ ያለው ራዲየስ የሚባለው የክንድ አጥንት ነው የተሰበረው። እጃቸው ከጎን ሲታይ እንደ ሹካ ጎብጦ ነበር። ይሄው ወጌሻ ጎትቶ አቃናላቸው፤ በቀርከሃ አስሮ አስቀመጣቸው። በስድስት ሳምንት ዳኑ። እጃቸው ዛሬም ትንሽ ጠመም ያለ ነው፤ ግን ሊጥ የሚዳምጡት በእሱ ነው። ታዲያ ልጃቸውን የት ሊወስዱት ኖሯል? እኔ ምንም የለውም ብያለሁ። ወጌሻው ደግሞ የራሳቸውን እጅ አድኗል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሁለቱም «የእጅ ስብራት» ይባላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የራዲየስ ጫፍ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ደም የጠገበ አጥንት ነው። ምንም ባይደረግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። እዚያ ላይ ጥያቄው ቀጥ ብሎ ይገጥማል ወይስ ጠሞ ነው። ስካፎይድ ግን አብዛኛው ገጽታው በልስልስ አጥንት የተሸፈነ ነው። የደም ሥር የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው። አብዛኛው ደም የሚገባውም በጣት በኩል ካለው ጫፍ ሆኖ ወደ ክንድ በኩል ይመለሳል። መሀል ወገቡ ላይ ሲሰበር በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ደም ያጥረዋል። ስብራቱ ወደ ክንድ በቀረበ ቁጥር አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ስካፎይድ ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ መቀመጥ አለበት። ያን ዕድል ካላገኘ ላይገጥም ይችላል፤ በክንድ በኩል ያለው ግማሽም ሊሞት ይችላል።

ወጌሻው «ጅማት ዞሮበታል» አለ። በአምስት ቀጠሮ በቅቤ አሸው፣ ጎተተው። በረመዳን ሰሞን ነው። ልጁ ሲታሽ ዕንባው እየመጣ ዝም ይላል፤ ወዲያው ግን ሞቅ ስለሚለው የዳነ ይመስለዋል። እያንዳንዱ መታሸት ግን ለመያያዝ የሚሞክረውን ስንጥቅ እንደገና ያላቅቀዋል።

ለወጌሻው ፍትሐዊ ልሁን። አጥብቆ አላሰረውም። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር እጅ ያስቆርጣል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ልጆች በሀገራችን አሉ። ይህን የሚያነብ ወላጅ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝልኝ ይሄን ይያዝ፦ ጀሶም ይሁን ቀርከሃ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው ሕመሙ ከባሰ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ልጁም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይጠበቅ።

## ከአምስት ወር በኋላ

ሰኔ ላይ ነው። ለራሱ ጉዳይ አልመጣም፤ እናቱን ለደም ግፊት ክትትል ይዞ ነው የመጣው። ቦርሳቸውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ገባ። ሊያስቀምጠው ሲል ፊቱ ቅጭም አለ፤ ቦርሳውን ወደ ቀኙ አዛወረ።

«ያ እጅህ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ለመድኩት ዶክተር። ማርሹን በክርኔ እየገፋሁ ነው የምቀይረው» አለኝ።

እናትየውን አስቀምጬ እጁን ያዝኩ። በዚህ ጊዜ ጎድጓዳዋን ለይቼ ተጫንኳት። እጁን ከእጄ ነጠቀ። ሦስቱም ቦታ አመመው። የመጨበጥ ኃይሉ ከቀኙ በግልጽ ያንሳል። ወደ ኋላ ማጠፍም አይችልም። በዚያው ቀን ከነተጨማሪው ፎቶ ራጅ ተነሳ። አሁን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ስካፎይድ ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ ነጭና ጠንካራ ሆኗል፤ መሀላቸው ክፍተት አለ፤ ከጎኑም ትንሽ ባዶ ቀዳዳ ይታያል። አልገጠመም፤ ለመግጠምም መሞከር አቁሟል።

ፎቶውን አሳየሁት። «ጥር ላይ ስትመጣ ተሰብሮ ነበር። እኔ አላየሁትም» አልኩት። ዝም አለ። እናትየው ድሬ ሰው እንደሚያወራው፣ ያለ አንቱታ፣ ፊት ለፊት ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ምንም የለውም ያልከን አንተ አይደለህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ።

ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ብደብቀው ኖሮ ወደ ሚቀጥለው ሐኪም ስልከው አያምነኝም ነበር።

ሁሉንም በግልጽ ነገርኩት። ሳይለያይ የተሰበረ ስካፎይድ በጊዜው ጀሶ ከገባ ከ10 ሰው የ9ኙ ያህል ይገጥማል፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ሕክምናው ከአራት ሳምንት በላይ ሲዘገይ የመግጠሙ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። በአምስት ወሩ ጀሶ ብቻውን አይበቃም። እንዲሁ ከተተወ ደግሞ ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ሊል ይችላል፤ የአንጓው መገጣጠሚያ ግን በዓመታት ውስጥ እየተበላ ይሄዳል። በ24 ዓመቱ ይህን አንጓ ገና ረጅም ዘመን ይፈልገዋል። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተስማማን።

## ደንገጎን ወጥቶ ሐረር

ሐረር ወዳለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ላክሁት። ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያውን ቀን ስህተቴን ጨምሬ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ራጅም አያያዝኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ሐረር ገባ። ይህን መንገድ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶበታል። የአንዱ መታመም የሌላውን ሥራ ያስፈታል፤ አንዳንዴ እህቱ፣ አንዳንዴ ጓደኛው አብረውት ይሄዱ ነበር።

ሲቲ ስካን ክፍተቱን አረጋገጠ። ቁራጮቹም ወደ መሀል ጎብጠዋል። በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ሕያው ነው ወይ የሚለው ግን በሲቲ ብቻ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሐኪሙ «ከፍቼ አየዋለሁ። ስፍቀው ደም ካወጣ ሕያው ነው» አለው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀው፦ ሲጋራ። ልጁ ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ላይ ሲቀመጥ ያጨሳል። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይ በደንብ ይታወቃል፤ በስካፎይድ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። «ካላቆምክ አልነካህም» አለው። እኔ እንዲህ ቁርጥ አድርጌ ለታካሚ ተናግሬ አላውቅም። ሐኪሙ ግን ልክ ነበር። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልቻለም። በኋላ የገባው ሲጋራውን ለብቻው መተው እንደማይሆንለት ነው። ስለዚህ በርጫውን ራሱን ተወ፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ መተኛት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቻለ። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምናው ወደ ሐምሌ መጨረሻ ተገፋ።

ሥራው የተሠራው በመዳፍ በኩል ነው። በቁራጮቹ መሀል የተሞላው የማይረባ ሥጋ ተፍቆ ወጣ። በክንድ በኩል ያለው ግማሽ ሲፋቅ ትናንሽ የደም ነጠብጣቦች አወጣ። ሕያው ነበር። ከዳሌ አጥንቱ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ክፍተቱ ውስጥ ገባ፤ ጎባጣውም ተቃና። ይህን ለማሰር አሁን የተለመደው ጭንቅላት የሌለው ልዩ ብሎን ነው፤ በመገጣጠሚያው ላይ ምንም ሳይወጣ አጥንቱ ውስጥ ይቀበራል። በዚያን ሰሞን ግን ልኩ አልተገኘም። ሐኪሙ ብሎን እየጠበቀ ወር ከሚያሳልፍ በሁለት ቀጭን የብረት ሽቦ አሰረው። ሽቦ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። ጉድለቱ በኋላ መውጣት ያለበት መሆኑ ነው።

## ጀሶ በድሬ ሙቀት

ከዚህ በኋላ ያለው 12 ሳምንት በራጅ አይታይም። ለእኔ ግን የሕክምናው ግማሽ ያ ነው።

ያላስጠነቀቅነው ነገር መጀመሪያ መጣ። ከእጁ ይልቅ ዳሌው አመመው። አጥንት የተወሰደበት ቦታ ለሁለት ሳምንት እያነከሰ አስኬደው። «እጄን ሊያክሙኝ ሄጄ እግሬን ሰበሩኝ» ብሎ ለእናቱ አለቀሰ። ይህ የተለመደ ሕመም ነው፤ ቀድሞ መነገር ነበረበት። አልተነገረውም።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ጀሶ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፤ ቆዳ ይበላል። በዘጠነኛው ቀን ሽቦ አስገብቶ አከከው፤ ቆዳው ደማ፤ ጀሶውም ሸተተ። ተቀደደ፤ ቁስሉ ታጠበ፤ አዲስ ታሰረ። ሁለተኛውን ስናስር ከሥሩ የጥጥ ካልሲ አለበስነው፤ ጥጡንም አሳሳነው። ለመታጠቢያ ፌስታል፣ ለማሳከክ ቬንትሌተር፣ ለእብጠት ደግሞ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ሠራለት። እንጨትና ሽቦ ጀሶ ውስጥ እንዳይገባ አስማልነው፤ ጠበቀም።

በሰባተኛው ሳምንት አጥንቱን ካሰሩት ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ ቆዳውን ቆጠቆጠው፤ ቀላ። በቁስል እንክብካቤና በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ረገበ።

አውራ ጣቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ጀሶ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ተለቀቀ። ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በጀሶ ብቻ ለሚታከም ስካፎይድ አውራ ጣትን ማሰር ይጠቅማል ወይ የሚለው የቆየ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት ጣቱ ታሰረም አልታሰረም በመግጠሙ ላይ ልዩነት አላገኘም። ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አውራ ጣቱ ነፃ የሆነ ሰው ማንኪያ ይይዛል፣ ልብሱን ይቆልፋል፣ አንዳንድ ሥራም ይሠራል። ኑሮው ካልቆመ ጀሶውን ራሱ በመጋዝ ቆርጦ አይጥለውም።

ስለ ኑሮው ካነሳሁ፣ ይህን ልጅ ጀሶ ውስጥ ያቆየው ዕቁቡ ነው። የኳስ ጓደኞቹ ዕቁብ አላቸው። ዕጣው ገና ነበር፤ ቅድሚያ ሰጥተው ለቀቁለት። ባጃጁን ከመካከላቸው አንዱ ተረከበና ከገቢው ላይ ለእናቱ እየቆረጠ ሰጠ። ይህ ባይሆን ኖሮ በአራተኛው ሳምንት ጀሶውን አውልቆ ይነዳ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። አምነዋለሁ። አሁን ታካሚ ላይ ጀሶ ከማሰሬ በፊት «እስኪድን ቤቱን ማን ይይዘዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

በ12ኛው ሳምንት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሲቲ ተደገመ። አጥንቱ የስብራቱን መስመር ተሻግሯል፤ ገጥሟል። ሽቦዎቹ ወጡ።

## ከጀሶ ወደ ሊጥ

የወጣው እጅ ቀጭንና ደረቅ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ የጎማ ኳስ ሰጠችው፤ በሦስት ቀን ሰለቸው። ሌላ ነገር ሲፈለግ እናቱ «ና ሊጥ ዳምጥ» አሉት። ፊዚዮቴራፒስቷ አየችውና ወደደችው። ቂጣውን በዳምጫ መግፋት አንጓውን ወደ ኋላ ያጥፈዋል። ሳምቡሳ ማጠፍ ጣትና አውራ ጣትን ያሠራል። እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ ደግሞ ያንኑ የማርሽ መጠምዘዝ ነው። በየቀኑ ጠዋት ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ሠራ። ሥራ ስለነበረው አልቀረበትም። እናቱም በዚያ ወቅት የሚሸጡት ሳምቡሳ ጨመረ።

ጥር ላይ፣ ከወደቀ ልክ በዓመቱ፣ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ማርሽ በእጁ ይቀይራል። ቀን ሙሉ ከነዳ ማታ ይቆረጥመዋል። ወደ ኋላ መታጠፉ ከቀኙ ያንሳል፤ ይህ የሚስተካከል አይመስለኝም። በመዳፉ ተደግፎ መነሳት ስለሚያመው በረኝነቱን ትቷል። ሲጋራ አልተመለሰም። በርጫ አልፎ አልፎ ይሄዳል።

ጥር ላይ በአንድ ጀሶና በአንድ ቀጠሮ ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር አንድ ዓመት ፈጅቷል። ይህን መቼም አልረሳውም።

## ለሌላ ሰው የሚሆነው

መዳፉን ዘርግቶ የወደቀ ሰው ሁሉ ጎድጓዳዋ ይጫናል። ይህን ለሁሉም ባልደረቦቼ ነግሬያለሁ፤ ነርሶቹም ያውቋታል። ካመመችው ተጨማሪው ራጅ ይነሳል። ራጁ ንጹሕ ከሆነም ጀሶ ይታሰራል፤ ጥርጣሬው ቀላል ከሆነ የሚፈታ መደገፊያ ይበቃል። ከዚያ በ12ኛው ቀን ገደማ ይደገማል። ይህ ዋጋ አለው፤ አልደብቅም። ከምናስራቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ሁለተኛ ራጅም ንጹሕ ይሆናል። ለቀን ሠራተኛ ሁለት ሳምንት በከንቱ መታሰር ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ሁለት ሳምንትን ከአንድ ዓመት ጋር አስተያይቼ እመርጣለሁ። ሰውዬውንም ይህን ሂሳብ አስረድቼ ነው የማስረው።

«ወለምታ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን መናገር ትቻለሁ። ቃሉ በር ይዘጋል። አሁን «ዛሬ ስብራት አይታይም፤ ግን የሚደበቅ አጥንት አለ» እላለሁ። ቀጠሮው ቀን አለው። በወረቀት ይጻፋል፤ ስልኩ ይመዘገባል፤ ካልመጣ ነርሷ ትደውላለች። «ቢሻልህም ና» የሚለውን ራሴ በቃሌ እጨምራለሁ። የሕመም ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ ስብራቱን እንደማያክም ብዙ ሰው አያስበውም።

ለታካሚም አንድ ነገር ልበል። ከወደቃችሁ ሁለት ሳምንት አልፎ አውራ ጣታችሁ ሥር አሁንም ካመማችሁ፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ነበር ማለት አይበቃም። ወደዚያው ሐኪምም ይሁን ወደ ሌላ ተመልሳችሁ «ስካፎይድ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

## ወጌሻው

ወጌሻው ጋ ሄጄ ነበር። ልጁ ነው የወሰደኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝ። ልወቅሳቸው አልሄድኩም፤ የመጀመሪያው አጥፊ እኔ ነበርኩ። ሁለቱን ራጆች ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው፤ የመጀመሪያውንም፣ «ምንም የለውም» ያልኩበትን። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ዘርግተው «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርጌ ጎድጓዳዋን አሳየኋቸው። ራሳቸው በጣታቸው ተጫኗት። ልጁንም ጠርተው የእሱን ተጫኑ።

«ይቺ ስታም አላሽም ማለት ነው» አሉ።

«አይሹ። ይላኩልኝ» አልኳቸው። ስልክ ተለዋወጥን።

ባለፈው ሐሙስ ደወሉ። «አንድ ልጅ ልኬልሃለሁ፤ ከብስክሌት ወድቆ ነው፤ ያቺ ጎድጓዳ ታመዋለች» አሉኝ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ተጫንኳት፤ እጁን ነጠቀ። ራጁ ንጹሕ ነው። ጀሶ አስሬለታለሁ፤ አውራ ጣቱ ነፃ ነው። ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሰኞ ማታ እኛም ወጌሻውም እንደውልለታለን።